ሚስማር የማይመታበት ግቢ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ቡናው ሳይፈላ፣ የብሎካችን ደረጃ መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። «ምንጣፍ በበረንዳ ማራገፍ፣ ብርድ ልብስ በመስኮት ማስጣት፣ ጫማ ኮሪደር ላይ ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ኮሚቴው» ይላል። ኮሚቴው እኔ ነኝ። በወረቀት ሦስት ነን፤ ግን አንዱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከወረደ ዓመቱ ነው፣ አንዷ ደግሞ ስልክ አታነሳም። ባለቤቴ ለገበያ ስትወርድ ቆም ብላ አነበበችው። ከዚያ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች፤ የደረጃውን ብረት ያዘች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እትዬ መጡ!» አለች። «እትዬ ሱሪ ለብሰው መጡ!»

ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። «በጥብቅ» የምትለዋ ቃል እንኳ የእትዬ ናት።

እትዬ የመጀመሪያዋ አከራዬ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በእሳቸው ግቢ ያለ ፈቃድ የሚሰቀል ነገር አልነበረም፤ ስማቸውንም ያለ ፈቃድ አልሰቅልም።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነው። ገና ሥራ የያዝኩበት፣ ከአጎቴ ሳሎን ሶፋ ላይ የተነሳሁበት፣ የራሴን ቁልፍ በኪሴ እያቃጨልኩ መሄድ ያማረኝ ጊዜ። ደላላው ቀበና ከወንዙ ማዶ ይዞኝ ሄደ። መንገድ ላይ «ግቢው ጭር ያለ ነው፤ ውሃው 24 ሰዓት ነው፤ አከራይዋ እንደ እናት ናቸው» አለኝ። ጭር ማለቱ ትክክል ነበር። ውሃው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቅ ይላል። እናትነቱን በተመለከተ፣ የወለደችኝ እናቴ የተሰጣ ካልሲዬን ቆጥራ አታውቅም።

በሩ ተከፍቶ ስገባ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከበሩ እስከ ዋናው ቤት ድረስ በግራም በቀኝም ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች እንደ ክብር ዘበኛ ተሰልፈዋል። ጽጌረዳው ተከርክሟል። የበረንዳው ሊሾ በቀይ ሰም ተወልውሎ ፊቴን አየሁበት። በዚያ ግቢ ዶሮዋ እንኳ እግሯን ጠርጋ የገባች ትመስላለች። ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ተደርድረዋል። የጭቃ ቤት ናቸው፤ ነገር ግን ኖራ ተቀብተው ነጭ በነጭ ሆነዋል። የኔዋ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ኮርኒሷ የተወጠረ አቡጀዲ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ በወር 120 ብር።

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ከኋላ አድርገው ጥያቄውን ጀመሩ።

«ላጤ ነህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ትቅማለህ?»

«ኧረ አልቅምም።»

«እንግዳ ይበዛብሃል?»

«የሚጠይቀኝ ሰው የለም።» ይህን ያልኩት በኩራት ነው፤ አሁን ሳስበው ያሳዝናል።

«ልብስህን ማን ያጥብልሃል?»

«ራሴ።»

«የት ታሰጣዋለህ?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። ግቢው መሀል ወደተወጠረው ገመድ ጠቆምኩ። እትዬ ደላላውን አዩት። ደላላው መሬት መሬቱን አየ። «ማክሰኞና ሐሙስ» አሉ እትዬ። «ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይመጣብኛል። የውስጥ ልብስ ደግሞ ከነጭራሹ ገመድ ላይ አይወጣም፤ በጥብቅ!»

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቢሮ ነኝ። ይህን ለመናገር ግን ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ቀብዱን ከፈልኩ።

ሌሎቹ ሕጎች በአንድ ጊዜ አልተነገሩኝም። ቢነገሩኝ በዚያው እግሬ እሸሽ ነበር። እንደ ጠበል ነው የወሰድኳቸው፣ በየማለዳው ጥቂት ጥቂት። ጫማ ከበር ውጭ አይቀመጥም። ቢጫ ጀሪካን ከፊት ለፊት አይታይም፤ «ግቢውን የውሃ ወረፋ አስመሰላችሁት።» የከሰል ማንደጃ ከቤቱ ጀርባ እንጂ ከበሩ ፊት አይቀጣጠልም። መጋረጃ እሳቸው የሰጡት ነጭ ዳንቴል ብቻ፤ ጥለቱ ወደ ውጭ፣ ፊቱን አዙሮ የሰቀለ ይጠራል። የአርሴናል ፖስተሬን በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፌ ነበር። በሩ ሲከፈት ከግቢው ይታያል ተባልኩ። ስለዚህ የአርሴናል ልጆች ለሁለት ዓመት አልጋዬ ሥር ተጠቅልለው ተኙ። ዋንጫ ሲያነሱ እንኳ አላወጣኋቸውም።

የሁሉም ንጉሥ ግን ሚስማር ነው። «ግድግዳዬ ላይ ሚስማር የመታ፣ በኔ ላይ የመታ ነው» ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ሰው ያለ ሚስማር እንዴት ይኖራል? ሞክሩት እስኪ። መስታወቴን በሲባጎ ከኮርኒሱ ወራጅ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ነፋስ ሲገባ ይሽከረከርብኛል፤ ጢሜን ስላጭ ግማሽ ፊቴን አይቼ ግማሹን እጠብቃለሁ። ልብሴ ካርቶን ውስጥ ነው። ካላንደር ግን ያምረኝ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ያደለኝ ትልቅ ካላንደር ነው፣ ፋሲለደስ ግንብ ያለበት። የስንዴ ዱቄት በጀበና ታች በቀረ እሳት አማስዬ ሙጫ ሠራሁና ለጠፍኩት። ሦስት ወር ቆመ። አንድ ሌሊት «ሿ!» ሲል ነቃሁ። ፋሲለደስ ወድቋል። ብቻውን አልወደቀም፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ኖራ ከነምርጊቱ ይዞ ነው የወረደው። ከሥሩ ጭቃውና ጭዱ እንደ ቁስል ፈጦ ይታያል።

ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ኖራ ልግዛ ብል የሚሸጠው ሱቅ የእትዬ የእቁብ ጓደኛ ነው። ሊነጋጋ ሲል ዓይኔ ኮልጌቱ ላይ አረፈ። ነጭ ነው። ይደርቃል። ቱቦውን ሙሉ ጨምቄ በማንኪያ ጀርባ ለሰንኩት፤ ከጎኑ ካለው ኖራ አይለይም፣ እንዲያውም ያበራል። ያን ሳምንት ጥርሴን በጨው ፋቅሁ። የወሩ መጨረሻ ላይ እትዬ ኪራይ ሊቀበሉ በሩ ላይ ቆሙና አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ይህ ክፍል ምነው የጥርስ ሐኪም ቤት ሸተተኝ?»

«ንጽሕና እወዳለሁ፣ እትዬ።»

«ተባረክ!» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ ያ ምርቃት በሐሰት የተቀበልኩት ስለሆነ ይቆረቁረኛል።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬም ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛው ውስጥ አንዲት ነርስ። ግቢው ሁሉ ሲስተር ይላታል። ሲስተር በበሯ ጎን በወተት ታኒካ ጤና አዳም ተክላ ነበር። እትዬ ታኒካው ኖራ ይቀባ ወይ ይውጣ አሉ። ሲስተር ታኒካውን ኖራ ቀባችው። ጤና አዳሙንም በስህተት ይሁን በንዴት ግማሹን ቀባችው። ግማሽ ነጭ ጤና አዳም በዓለም ላይ ያየሁት እዚያ ግቢ ብቻ ነው። ልቤም ያኔ ነው የሄደው መሰለኝ።

ሲስተር የሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀን ቤት ትውላለች። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ልብሴን አጥቤ፣ እርጥቡን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ቢሮ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ስመለስ ልብሴ ተሰጥቶ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ በሬ ላይ ጠበቀኝ። ሸሚዞቹ ከመቆንጠጫ ጋር ተቆጥረዋል። የውስጥ ልብሶቼ በጋዜጣ ተጠቅልለው ለብቻ ተቀምጠዋል፤ ሕግ ሕግ ነው። እኔም ውለታ ለመመለስ ውሃ በመጣ ሌሊት የሷን ጀሪካን ሞላሁ፣ ቢጫው እንዳይታይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩላት። ሌላው ሰው ለፍቅረኛው አበባ ይልካል፤ እኛ ጀሪካን አዙረን ነው የተጫጨነው። ካውያ ስለማይፈቀድ (ቆጣሪው እንደ መኪና ጎማ ይሽከረከራል ይሉ ነበር) ሱሪዬን ፍራሽ ሥር አስገብቼ እተኛበት ነበር። «ዛሬ በግራ ጎንህ ነው የተኛኸው፣ አንደኛው መስመር ጠሟል» የምትለኝ እሷ ናት። ከዚህ በላይ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም።

በ1995 ዓ.ም. የእትዬ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ድንኳን ተጣለ። ዋዜማው ላይ እትዬ ሦስታችንንም ሰበሰቡን። እንግዲህ ቀኑን ውጡልኝ ሊሉን ነው ብለን ተያየን። የመጣው ሌላ ነው። «ነገ ሰው ይመጣል» አሉ። «ተከራይ የሚባል ነገር ስሙ እንዳይነሳ። አንተ የእህቴ ልጅ ነህ፣ ከደሴ። አንተ የክርስትና ልጄ ነህ። ሲስተር የወንድሜ ልጅ ናት። ልበሱ፣ አስተናግዱ፣ ብሉ፣ ጠጡ።»

ለበስን፣ አስተናገድን፣ በላን፣ ጠጣን። ሁሉም ያማረ ነበር፤ አንድ ከደሴ የመጡ ሽማግሌ ጠላ ስቀዳላቸው እጄን እስኪይዙኝ ድረስ። «አንተ የእህታቸው ልጅ! ደሴ የት ሰፈር ነህ?» አሉኝ። ደሴን በካርታም አይቼ አላውቅም። የኢትዮጵያ ከተማ ፒያሳ አያጣም ብዬ «ፒያሳ» አልኳቸው። ለካ እውነትም ደሴ ፒያሳ አለ። «ፒያሳ የማን ቤት ጎን?» ሲሉ ጠላው አለቀ ብዬ ከነማንቆርቆሪያው ሮጥኩ። ማንቆርቆሪያው ሙሉ ነበር።

ያን ሰሞን ለምን እንዲህ እንደሚደብቁን አልገባኝም ነበር። ኩራት ነው ብዬ ነበር፤ ባል የሞተባት ሴት ቤቷን ቆርሳ አከራየች እንዳይባል። ከፊሉ እሱ ነው። ሌላውን አንድ የዝናብ ቀን፣ ሦስተኛውን ቡና ሲቀዱልን፣ ራሳቸው ነገሩን።

እትዬና ባለቤታቸው ሁለት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አንደኛው ተወሰደ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች ስለነበረ ለቀበሌ ሆነ። አዋጁ ቤት መውሰድ ብቻ አይደለም፣ ግለሰብ ቤቱን አከራይቶ ገንዘብ ማግኘትንም ዘግቷል። ግን ሰው ይቸገራል፤ ሰውም ማደሪያ ያጣል። እትዬ አንድ ተማሪ ጓዳ አስገቡ። ቀበሌ ለቆጠራ ሲመጣ «የወንድሜ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ቀጥሎ ሌላ «የእህት ልጅ» መጣ። «ታዲያ የሚያጋልጠው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። አላወቅንም። «ገመድ ነው! የቤቱ ወንድ አንድ ሆኖ ገመዱ ላይ አራት ሱሪ ከተሰጣ አበቃ። እነዚያ ሰዎች ሰው አይቆጥሩም ነበር፤ ሱሪ ነው የሚቆጥሩት።»

ያኔ ደርግ ከወደቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ማከራየት ከተፈቀደ ቆይቷል፤ ግማሹ አዲስ አበባ ሰርቪስ ቤቱን አከራይቶ ነው የሚኖረው። የእትዬ ዓይን ግን ገና ገመዱ ላይ ነበር። ጫማው፣ ጀሪካኑ፣ መጋረጃው ሁሉ ያው ነው፤ ከውጭ ሲታይ በዚያ ግቢ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲኖር።

ስለ ሚስማሩም ጠየቅናቸው። ፊታቸው ተቀየረ። የተወሰደው ቤታቸው ከዚያው ሰፈር ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ ነው፤ ወደ ገበያ ሲሄዱ በፊቱ ያልፋሉ። ኪራዩ ጥቂት ብር፣ ቀለም የሚቀባው የለ፣ ቆርቆሮ የሚቀይረው የለ፤ ቀበሌው ነዋሪው ይጠግነው ይላል፣ ነዋሪው የመንግሥት ቤት ነው ይላል። «ሄዳችሁ እዩት» አሉ። «ግድግዳው በሚስማር ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። እኔና ባሌ በእጃችን የመረግነው ግድግዳ ነው።» ከዚያ ቀን በኋላ ኮልጌቱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ቢሆንም እውነቱን አልነገርኳቸውም። ሞኝ ነኝ እንዴ!

እንዲያም ሆኖ ነገር ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. እኔና ሲስተር ተጋባን። እትዬ በእናት ወገን ተቀመጡ። የቀበናው ሰው ሁሉ መጣ፤ እኚያ የደሴው ሽማግሌም መጡ። ሙሽሮቹን ቀና ብለው ሲያዩ በእጃቸው የያዙት ጉርሻ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«ይሄ የእህታቸው ልጅ አይደለም?»

«ነው» አለ አንዱ።

«ያቺ የወንድማቸው ልጅ አይደለችም?»

«ናት!»

«ታዲያ የአክስትና የአጎት ልጅ ይጋባል እንዴ? ሰባት ቤት ሳይቆጠር? ኧረ የቄስ ያለህ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዲት ሴት በሦስት ጣቷ አማተበች። ሚዜዬ ሙዚቃውን ዝቅ አስደረገ፤ የኔ እናት ደግሞ ምንም ስለማታውቅ «የምን አክስት ነው?» ብላ ተነሳች። ያኔ እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከአንደበታቸው ያልወጣችውን ቃል አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አወጧት።

«ዘመዶቼ አይደሉም! ተከራዮቼ ናቸው!»

ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ሽማግሌው «እንዲያ ነው እንጂ!» ብለው ጉርሻቸውን ጨረሱ። እልልታው ቤቱን ነቀለው። እትዬ ቁጭ ሲሉ ላብ ላብ ብሏቸዋል። ጠጋ ብዬ ስስማቸው በጆሮዬ «ካሁን በኋላ እሁድም ማስጣት ትችላላችሁ» አሉኝ። ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ግን እኛ ሌላ ቤት ነበርን፤ ሦስት በሦስት ለሁለት አይበቃም።

ጓደኛዬ፣ የክርስትና ልጁ፣ ዲቪ ደርሶት ሄደ። ዛሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሐበሻ የሞላበት ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ። ከእትዬ አመለጥኩ ብሎ ነበር። ባለፈው ክረምት ደውሎ በሳቅ መናገር አቃተው። ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ደርሶታል፤ «በረንዳዎ ላይ ተሰቅሎ የሚታየውን ትልቅ ነጭ ጨርቅ በአስቸኳይ ያንሱ» ይላል። ጋቢው ነው። እናቱ የላኩለትን ጋቢ አጥቦ ፀሐይ ያየው ብሎ ማስጣቱ ነው። በረንዳ ላይ የሚፈቀደው ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ብቻ ነው። የመስኮት መጋረጃ ወደ ውጭ የሚታየው ገጽ ነጭ መሆን አለበት። «ነጭ ዳንቴል ነው እንጂ በላ!» አልኩት። ግድግዳው ላይ ለተገኘ ቀዳዳ ሁሉ ሲወጣ ከማስያዣው ገንዘብ ይቆረጥበታል።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። የዚያ አገር የመገናኛ ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተከራይም የደረሰ ደንብ አለ። ከ1 ሜትር ያልበለጠ ዲሽ ተከራዩ ለብቻው በሚጠቀምበት በረንዳ ላይ ቢተክል አከራዩ ሊከለክለው አይችልም። የጋራ የሆነውን የውጭ ግድግዳ መብሳት ግን አይፈቅድለትም። ስለዚህ ጋቢ ክልክል፣ ዲሽ ግን ይቻላል። ጓደኛዬ የቀለም ባልዲ ገዝቶ፣ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ ብረቱን መሀሉ ላይ አቁሞ፣ አንድ ሚስማር ሳይመታ ዲሹን ተከለ። የአገር ቤት ዜና በባልዲ ያያል። ያንን የሠራው የምሕንድስና ትምህርት አይምሰላችሁ፤ ቀበና የተማረው ነው።

እኛ ደግሞ ከእትዬ ወዲህ አራት ቤት ቀያየርን። ስለሦስቱ የምናገረው የለኝም፤ ዝናብ ያፈሱ ነበር፣ ወጣን። በ2004 ዓ.ም. ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራየን። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ወኪሉ በየወሩ ስልኩን ይዞ ይመጣል። እትዬ ሲቆጡ ቢያንስ ቡና ያፈሉ ነበር። ይህኛው ፎቶ ያነሳል። ግድግዳ፣ በር፣ የሽንት ቤቱን ጥግ ሳይቀር ያነሳል፣ ውጭ ይልካል፣ መልሱን ቆሞ ይጠብቃል። ውላችን ላይ «ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ መምታትም ሆነ መስቀል ክልክል ነው፤ ሲወጣ ቀለም አስቀብቶ ያስረክባል» ተብሎ ተጽፏል። ልጃችን በእርሳስ የሳላት ድመት ከሶፋው ጀርባ አለች፤ ወኪሉ በመጣ ቁጥር ሶፋውን እናስጠጋለን። ልጁ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሰው በሩን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሶፋው ነበር። ይህን ሳይ ግን አልሳቅሁም።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፤ ዕጣ እስኪወጣልኝ ጸጉሬ ከኔ ቀድሞ ወጣ። ሕንፃው የጋራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበር አለን፣ መተዳደሪያ ደንብ አለን፣ ኮሚቴ አለን። ሲሠራ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ተብሎ ለብቻው ቤት ተሠርቶልናል። በግን ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣው ሰው ግን አልጠፋም። በረንዳውን በላሜራ የዘጋ አለ፣ በመስታወት የዘጋ አለ፣ ዶሮ ያረባ አለ። ከተማው ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ዋና መንገድ ዳር ያለውን ሕንፃ ሁሉ ቀለም አስቀየረ፤ ከመንገድ የሚታየውን ፊት ማለቴ ነው። አንድ ወዳጄ የሚኖርበት ሕንፃ ፊቱ አዲስ ሆኖ ጀርባው እንደነበረ ነው። እትዬ ቢያዩት ይደሰቱ ነበር፤ የእሳቸውም ግቢ ከኋላው እኛ ነበርን።

ለተከራይ ዘመኑ ተሻሽሏል፤ መካድ አልችልም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት ላነሰ ጊዜ አይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ብሏል። እኔ ያን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ እንጂ የውል ወረቀት አይቼ አላውቅም። አዋጁ ሲወጣ አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩት፤ ባለቤቴ ምን እየፈለግህ ነው ስትለኝ «ሚስማር» አልኳት። አላገኘሁም።

ለባለፈው ፋሲካ ለእትዬ ደወልኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። «የራስህ ቤት ገባህ አሉ» አሉኝ።

«ገባሁ፣ እትዬ።»

«ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ብሎኬት ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እንግዲያ ምታበት፣ ልጄ» አሉኝ።

ያንኑ ቀን ከአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን መዶሻ ተዋስኩ። የሠርጋችን ፎቶ በር የሚያህል ነው። ከ1998 ጀምሮ አምስት ቤት ዞሯል፤ በአምስቱም መሬት ላይ ቆሞ ግድግዳ ተደግፎ ነው የኖረው። አሁንም እንደቆመ ነው። መዶሻው ከጎኑ ቡፌው ላይ አለ። ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ ሁለት ጊዜ ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩና መለስኩት። የቅዳሜውን ማስታወቂያ እንኳ የለጠፍኩት በፕላስተር ነው፣ ያውም ቀለሙን በማይልጥ በቀጭኑ።

ማስታወቂያው አልተነሳም፤ ኮሚቴው በአቋሙ ጸንቷል። ምንጣፍ የምታራግፉ ጎረቤቶቼ ግን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት አራግፉ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ገበያ ነኝ። የአራተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ደግሞ መዶሻህን አልረሳሁም፤ ትንሽ ታገሰኝ።